አምስት እግር፣ ስድስት ቀዳዳ

ይድረስ ለእታለሜ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ደረጃውን ትወጫለሽ ወይስ አሁንም ከታች ቆመሽ ነው ሰው የምትጣሪው? የግፊት ኪኒንሽ ሊያልቅ ነው ብለሽኝ ነበር፤ አስገዛሽ? እኔ ደህና ነኝ። የዩኒፎርሙ ሥራ አፍኖ ይዞናል። ዛሬ ብቻ አርባ ሦስት ኮሌታ ገልብጬ ሰፍቻለሁ፤ ጣቴ የእኔ አይመስለኝም። ሌላው ሁሉ እንደነበረ ነው።

እንደነበረ አይደለም። በስልክ ትቼ በደብዳቤ የጻፍኩልሽም ለዚህ ነው።

አስቀድሜ የምለምንሽ ነገር አለ፤ ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ እንዳትደውዪልኝ። ሐሙስ እኔው እደውላለሁ። እስከዚያ ዝም በዪ። ዝም ማለት እንደማይሆንልሽ አውቃለሁ፤ ቻዪው።

ሰሞኑን በስልክ ሳኮርፍሽ ምን ሆንሽ ብለሽ ጠየቅሽኝ፣ ራሴን አሞኝ ነው አልኩሽ። ራሴን አላመመኝም። አንቺን ጠርጥሬሽ ነበር።

ለአንቺ ብቻ የነገርኩሽ ነገር ከባሌ እጅ እየወጣ ይመጣብኝ ጀመር። ጥቁሩ ጫማ ተረከዜን ላጠው አልኩሽ፤ በሦስተኛው ቀን ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ በሩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። ከየት መጣ ስለው፣ "በመንገዴ አይቼው ነው" አለኝ፤ ቀና ብሎም አላየኝ። የስፌት መብራቴ ደብዝዞ ዐይኔን ሊያጠፋው ነው አልኩሽ፤ እሑድ ጠዋት አምፖሉ ተቀይሮ ጠበቀኝ። እሱን ታውቂዋለሽ። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር የጫማ ቁጥሬን ጠይቆኝ አያውቅም። ስለዚህ አንድ ሰው ይነግረዋል ማለት ነው። የነገርኩት ሰው ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ።

እህቴ ከእኔ ጋር አንድ ነገር እያወራች ከእሱ ጋር ሌላ ትመክራለች አልኩ። ልታስታርቀን ነው አልኩ። ማስታረቅ ትወጃለሽ፤ ያልተጣላውን ሳይቀር። አንድ ቀን ሻይ ሊያፈላ ሲገባ ስልኩን አንስቼ ቁጥርሽን ፈለግሁ። አጣሁት። አጥፍቶታል አልኩ።

ከዚያ ፈተንኩሽ። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ከሥሩ ያንጠባጥባል ብዬሽ ነበር፣ ትዝ ይልሻል? ውሸቴን ነው። ጠብ የምትል ውኃ የለችም። በማግስቱ ከሥራ ስገባ ሰውዬው ወለሉ ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ የእጅ ባትሪ በጥርሱ ነክሶ፣ የማያፈስ ቧንቧ ይመረምራል። ምን ሆነ ስለው ባትሪውን ከአፉ አውጥቶ፣ "ምንም፤ እንዲያው ልየው ብዬ ነው" አለኝ። ግማሽ ሰዓት ቆየበት። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ንዴቴ። አበቃ፣ እሷ ናት አልኩ።

ይቅር በዪኝ። ግን አሁን አይደለም፣ አንብበሽ ስትጨርሺ።

ባለፈው ማክሰኞ ኮቱ ላይ ቁልፍ ልተክልለት ሳነሳው ከኪሱ ብጣሽ ወረቀት ወደቀ። "አራት ወር ጠበቅኩህ። ትመጣለህ ወይስ ትተኸዋል?" ይላል። ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። ጽሕፈቱ ያምራል፣ ክብ ክብ ነው። በቃ ይኸው አልኩ፤ ጫማውም አምፖሉም የበደል መሸፈኛ ነው። በዚህ ዕድሜው! አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ የማያይ ሰው የትኛዋን አይቶ ነው ብዬም ገረመኝ።

ከሥራ ቦታ ሆኜ ደወልኩ። ያነሳው ሰው ድምፁ ትንፋሽ ብቻ ነው። "ማን ልበል?" አለኝ። ወንድ ይሁን ሴት መለየት አልቻልኩም። ቤታችሁ የት ነው አልኩ። "ከፖስታ ቤቱ ጀርባ፣ ከመስታወት ቆራጩ ቀጥሎ" አለኝ። ምሳዬን ሳልበላ ሄድኩ። መቀሴን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ትቼው ነው የሄድኩት፤ ራሴን አላመንኩትም።

የድምፅ ዕቃ ጥገና ቤት ሆኖ አገኘሁት። ስልሳ ያለፈው፣ መነጽሩን በክር ያንጠለጠለ ሰውዬ ገመድ መሀል ተቀምጧል። የኔው ሰውዬ የፊልም ድምፅ ያስተካክልበት በነበረው ስቱዲዮ፣ እስኪዘጋ ድረስ፣ ሃያ ዓመት አብሮት ሠርቷል። እዚያ በቀረጻ ሰዓት ዝም በሉ ሲባል ኖሮ ድምፁ በዚያው ቀረ። ሹክሹክታ ነው የሚሉት፤ ራሱም በቅጽል ስሙ ይስቃል። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ብድግ ብሎ ወንበሩን በክንዱ ጠረገልኝና፣ "ተመስገን! እሱ እምቢ ቢል አንቺ ልትወስጂው መጣሽ" አለኝ።

ምኑን አልኩት።

ከመደርደሪያው ላይ ጥቁሩን የድምፅ ማጉያ አወረደ። ያንን ከብረት ሣጥን የማይተናነሰውን፣ እኛ ቤት መስኮቱ ሥር የነበረውን። ከአምስት ወር በፊት ተቃጥሎ መጥቶ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ተጠግኗል። እኔ ተቃጥሎ መውጣቱንም አላውቅም። መስኮቱ ሥር አሁን አንድ ነጭ አሮጌ ማጉያ አለ፤ ዕቃ ሲያገላብጥ ነው ብዬ ተውኩት። እሱ እንደሆነ እንደ ልማዱ ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ ያንን ሁለት የሳሙና ሳህን የሚመስል ማዳመጫ ጆሮው ላይ ጭኖ ይቀመጣል።

ሹክሹክታ የነጩን ነገር ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። "ስንት ቀዳዳ አለው?" አለኝ። አቧራ የምጠርገው እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ፤ ስድስት ነው። የማዳመጫው ሶኬት እግሩ አምስት ነው፤ መሀል ላይ አንዱ ቀዳዳ ባዶውን ይቀራል። ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቋረጠው።

እንደገባኝ ላስረዳሽ። ይህ ማዳመጫ እንደ ሌላው አይደለም። በውስጡ ከፀጉር የሳሳ ፕላስቲክ አለ፣ በሁለት ወንፊት በሚመስል ብረት መሀል የተወጠረ። ፕላስቲኩ በደንብ እንዲዘፍን ወደ ስድስት መቶ ቮልት የሚጠጋ ኤሌክትሪክ ሁልጊዜ ማግኘት አለበት። ተራ ማጉያ ይህን አይሰጥም፤ ለእሱ ተብሎ የተሠራ ያስፈልጋል። ስድስት ቀዳዳ ያላቸው ደግሞ ለድሮዎቹ ማዳመጫዎች የተሠሩ ናቸው፤ የሚሰጡት ቮልት የዚህን ግማሽ አይሞላም። አምስቱ እግር ግን እዚያም ይገባል። መብራቱ ይበራል። ድምፁ ነው የሚሞተው፤ ሦስት ቤት አልፎ እንደሚዘፈን ይሆናል። "ስለ ገባ ብቻ ተስማማ እንዳይመስልሽ" አለኝ። እሱን እንኳ ለእኔ አትንገረኝ አልኩ በልቤ።

ተሳስቶ ይሆናላ አልኩት። "እሱ?" አለ። "እኔን ቀዳዳ ቁጠር እያለ ያስተማረኝ እሱ ነው። ማዳመጫና ማጉያ ሲያጋባ ስቱዲዮ ሙሉ ሰው ይጠብቀው ነበር። በዚያ ነጭ ማጉያ አሥር ደቂቃ ከሚያዳምጥ ጆሮውን ቢቆርጡት ይመርጣል።" ሁለት ጊዜ ደውሎለት ነበር። በሦስተኛው የኔው ሰውዬ ራሱ መጥቶ እኔ የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ተቀመጠና፣ "እዚሁ ይቆይልኝ። አሁን ቤት ውስጥ የማዳምጠው አለኝ" አለው። ሹክሹክታም ሌላ ማጉያ ገዝቷል ብሎ ተወው። በኋላ ግን መደርደሪያው ሲጠበው ያንን ብጣሽ ላከለት።

አሁንም አልገባኝም ነበር። ልዩነቱን እንድሰማ ብሎ የእኛን ማጉያ ከአንድ ደንበኛ ማዳመጫ ጋር አገናኘና ጆሮዬ ላይ ጫነልኝ። ፒያኖ ነው። እታለም፣ የተጫዋቹ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ገጽ ሲገልጥ ሰማሁ። ይህን ሲሰማ የኖረ ሰው የእኔን የስፌት መኪና እንዴት እንደቻለው እንጃ። ከዚያ ሙዚቃው አለቀ፤ ማዳመጫው ግን ጆሮዬ ላይ እንዳለ ነው። ሹክሹክታ ከገመዱ መሀል ሆኖ፣ "አይከብድሽም?" አለኝ። አይከብድም አልኩት።

ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወረድኩ።

እንዴት ሰማሁህ አልኩት። "ጀርባው ክፍት ነው እኮ" አለ፤ "ሙዚቃው ከሌለ ምንም እንዳላጠለቅሽ ቁጠሪው።"

ይህ ሰውዬ በሹክሹክታ ነው የሚናገረው። እኔ ስልክ ሳወራ እንዴት እንደምጮኽ ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ።

ድሮ ሲያዳምጥ ከማዳመጫው የሚያፈተልክ ድምፅ ነበር፣ ወረቀት ላይ ጉንዳን ሲሄድ የሚመስል። መቼ እንደቀረ ልብ አላልኩም፤ ለካ ሙዚቃ ሳይከፍት ነው የሚጭነው። ሐሙስና እሑድ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ እኔ ሶፋው ላይ፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ መስኮቱ አጠገብ። ከእኔ እስከ እሱ አራት እርምጃ ነው። አንቺ "ቀስ በዪ፣ ይሰማል" ስትዪኝ፣ "ተዪው፣ ግድግዳ ነው ያገባሁት" ብዬሽ ሁለታችንም ሳቅን።

ታዲያ ምን ያልሰማው ነገር አለ? ዩኒፎርሙ እንዳለቀ ጥዬው እመጣለሁ አልኩሽ። ከጓዳሽ ቀጥሎ ያለችውን ክፍል ቀለም አስቀቢልኝ አልኩሽ። የመስኮቷን ልክ ላኪልኝና መጋረጃዋን እዚሁ ሰፍቼ አመጣለሁ አልኩሽ። ስቱዲዮው ከተዘጋ ወዲህ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ዛሬ ተነስቶ ምን ሆንሽ ቢለኝ ደንግጬ እወድቃለሁ አልኩሽ። ሌላም ብያለሁ። እሱን አልጽፈውም።

ሻንጣውም ትዝ አለኝ። አንዱ ጎማው ተሰብሯል፣ ምን አድርጌ እጎትተዋለሁ ብዬሽ ነበር። ከሥራ እንደገባሁ ወንበር ላይ ቆሜ ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩት። አዲስ ጎማ ገብቶለታል። አንዱ ብቻ አይደለም፣ አራቱም። ዘይት ሳይቀር ቀብቶታል። ወለሉ ላይ ገፋሁት፤ ድምፅ የለውም።

እዚያው ሻንጣው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ሚስቱ ጥላው የምትሄድበትን ሻንጣ የሚጠግን ምን ዓይነት ሰው ነው? ቶሎ ሂጂልኝ ማለቱ ነው? ወይስ እያወቅኩ ነው፣ አታሞኚኝ ማለቱ? ሌባ ነው፣ አምስት ወር ሙሉ ወሬዬን ሰርቆኛል። ብናደድ ደስ ባለኝ። ግን የሰረቀውን ይዤ ስቆጥር ጫማ ነው፣ አምፖል ነው፣ ጎማ ነው። የቱን አንስቼ ልጣላው?

አሁንም አላመንኩትም። ትናንት እንደ ልማዱ ጭኖ ሲቀመጥ ከኋላው ቆምኩና፣ ለራሴ እንደማወራ፣ ድምፄን በጣም ዝቅ አድርጌ፣ "ነፋሱ መጣ፣ ያ መስኮት ቢዘጋ" አልኩ። እጁ ወደ መስኮቱ ተነሳ። መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ መልሶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው፤ ቀስ አድርጎ፣ እንዳልተነሳ ሁሉ። መስኮቱም አልተዘጋ። እኔም ወደ ማድ ቤት ገባሁ። ብርድ እየገባብን አመሸን።

የማጉያውን ነገር ሳልነግርሽ። ሹክሹክታ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በሲባጎ አስሮ፣ እስከ አውቶቡሱ ልሸከምልሽ ብሎ ተነስቶ ነበር። በሩ ላይ ስንደርስ ይቅር አልኩት፤ እዚሁ ይቆይ። ሣጥኑን እንደታቀፈ አየኝና፣ "ባልና ሚስት ተማክራችሁ መጋዘን አደረጋችሁኝ እንዴ?" አለኝ። አልተማከርንም አልኩት። መምጣቴንም እንዳይነግረው አስምዬዋለሁ።

አሁን ሐሙስን ልንገርሽ። በተለመደው ሰዓት፣ ከተለመደው ቦታ እደውላለሁ። ስልኩን አንሺና አዳምጪ። ብዙ ነገር ልናገር ነው፤ ያልኩሽን ሁሉ፣ ከስድስት ዓመት በፊት ካለው ጀምሬ፣ ያልኩሽም ያላልኩሽም ይኖርበታል። እታለሜ እያልኩ ነው የማወራው፣ አንቺ ግን መልስ አትስጪኝ። እሺ ብቻ በዪ። አታልቅሺ፣ ምክርም አይኑርሽ። ተናግሬ ስጨርስ ዝም እላለሁ። ዝምታው ቢረዝም መስመሩ ተቋረጠ ብለሽ ሃሎ ሃሎ እንዳትዪ፤ እንዳትዘጊውም። ትንሽ ጠብቂኝ። ከወዲህ በኩል የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ልስማው።

ጠያቂ ከሌለም ያው ስልኩን እዘጋለሁ። ሻንጣው ከበሩ ጀርባ ነው።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ደረጃሽን ያሳጥርልሽ። የጠረጠርኩሽን በደል ከልብሽ ያውጣልኝ። በሰላም ያቆይሽ።

ታናሽ እህትሽ

የመስኮቷን ልክ ለጊዜው አትላኪልኝ። ጨርቁን ገና አልቆረጥኩትም።