ኮሌታውን እትዬ ይጨርሱታል

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬም ያው። የተማሪ ሸሚዝ፣ የተማሪ ሸሚዝ... ነጭ ጨርቅ ከማየት ብዛት ዐይኔ ሊጠፋ ነው።

ታላቅ እህቴ እትዬ እንደ ልማዷ ከአንዱ የስፌት መኪና ወደ ሌላው ስትዞር ዋለች። ሰልጣኞቿ ኮሌታ ጋ ሲደርሱ "ተነስ እስኪ የኔ ጌታ"፣ "ተነሺ እስኪ እናቴ" ትልና ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብላ ትጨርስላቸዋለች። እነሱ ሻያቸውን ይዘው ቆመው ያያሉ። ሎጋው፣ ያ ጎንበስ ሳይል በር የማይገባው ልጅ፣ እንደውም ገና ሳትጠራው ይነሳል። ሳቂታዋ "አንተ እኮ ቆመህ ሰፊ ነህ" ትለዋለች። ሦስተኛዋ፣ የልጅ እናት፣ በዚያች ክፍተት ሮጣ ልጇን አጥብታ ትመለሳለች። ሁሉም ተመችቶታል።

ሐሙስ ከመንግሥት ቢሮ ሰው ይመጣል አሉ። የማሰልጠን ዕውቅናችን ሊታደስ ነው። ምን ይጎድለናል? መኪናዎቹ ደህና፣ መብራቱ ደህና። የእህቴ እጅ እንደሆነ ሰፈር ያወቀው ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ወይ ጉድ! ከየት ልጀምር...

ተቆጣጣሪዋ ጠዋት መጣች። ልጅ እግር ናት፣ ትሁት። ሻይ ስንላት "አመሰግናለሁ፣ ሥራ ላይ ነኝ" አለች። መኪናዎቹን አየች። ገመዱን አየች። ከዚያ የሰልጣኞቹን ሥራ ጠየቀች። እትዬ ደረቷን ነፍታ ሸሚዞቹን ዘረጋችላት። ተቆጣጣሪዋ እየገለበጠች ውስጣቸውን አየች። ብዙ ቆየች።

"በጣም ያምራል። ግን... ሁሉም የአንድ ሰው እጅ ይመስላል።"

እትዬ ሙገሳ መስሏት ፈገግ አለች! እኔ ነኝ ላብ ያጠመቀኝ።

"እስኪ እኔ እያየሁ አንድ ኮሌታ ግጠም" አለችው ሎጋውን። ተቀመጠ። ክሩን አስገባ። ጨርቁን አስተካከለ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ምንም ተንኮል የለበትም፣ "ከዚህ በኋላ ያለውን እትዬ ናቸው የሚጨርሱት" አላት።

"አንድ ቀንም ገጥመህ አታውቅም?"

"አላውቅም።"

ዐሥር ወር ሙሉ! ሁለቱንም ሴቶች ጠየቀቻቸው። ያው ነው መልሱ። ሳቂታዋ ሳትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

እትዬ እህል አልቀመሰችም። "ምን አጠፋሁ?" ትለኛለች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ተቆጣጣሪዋ ደወለች። ወዲያው ልትሰርዘን ትችል ነበር፤ ግን አለቆቿን ለምና ሦስት ሳምንት አሰጥታናለች። ያኔ ሦስቱም ከመቁረጥ እስከ ቁልፍ መትከል የማንም እጅ ሳይገባበት እየታዩ ሸሚዝ ይሰፋሉ። ካቃታቸው ዕውቅናው ይነሳል፤ እነሱም ወደ ሌላ ቤት ይዛወራሉ።

ደሜ ፈላ። "እህቴ እኮ ለነሱ አዝና ነው!" አልኳት።

"ይገባኛል። ግን መንግሥት የሚፈትናቸው ዕለት እህትዎ መመዘኛው ክፍል አብረዋቸው አይገቡም።"

ስልኩን ዘግቼ ንዴቴን በካውያው ላይ ተወጣሁት። ካውያው ምን አደረገኝ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ዛሬ እህቴን ከገዛ ሱቋ አባረርኳት። ካለች እጇ አያርፍማ።

ነጭ ክር ግዢ ብዬ ላክኋት። ዞር ሳልል መጣች። "ይሄ አይደለም፣ ያኛው ነጭ ነው" አልኳት፤ ነጭ ሌላ ነጭ ያለው ይመስል። ሄደች። ለሦስተኛ ጊዜ ልኬያት ቀና ስል መስኮቱ ጋ ቆማለች፣ አፍንጫዋ መስተዋቱ ላይ ተጣብቆ። ጣቶቿ በባዶው አየር ላይ ኮሌታ ይገጥማሉ! ሳቂታዋ ባየቻት ጊዜ በሳቅ ፈርሳ ጣቷን በመርፌ ወጋች።

የልጅ እናት የመጀመሪያ ኮሌታዋን ገጠመች። ተገልብጦ። ይሁን፣ ገጠመች።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ምሳ ላይ አነሳሁባት። "እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ከልብስ ሰፊ ጋር ኖሬ ቁልፍ መትከል እንደማልችል ታውቂያለሽ?"

ሳቀች። "እኔ እያለሁልሽ ለምን ትችያለሽ?"

እህት ሳይሆን እናት ሆና ነው ያሳደገችኝ፤ እናታችን ስትሞት እሷ ራሷ ገና ልጅ ነበረች። ጫማዬን ሳይቀር የምታስርልኝ እሷ ነበረች። የክፍሌ ልጆች እስኪስቁብኝ ድረስ...

"የሆነ ነገር ሲያቅትሽ ከንፈርሽ ይንቀጠቀጥ ነበር" አለችኝ። "ያንን ማየት አልችልም ነበር። ሎጋውም እንደዚያው ነው። ያን የሚያህል ሰውዬ፣ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል።"

አንጀቴን በላችው።

"ባለቅስም እኮ አልሞትም ነበር፣ እትዬ።"

እንባዬን እንዳታይ ሳህን ላጥብ ተነሳሁ። መጣችና ሳህኑን ከእጄ ቀማችኝ። ይቺ ሴት አትድንም!

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ዛሬ ፈተናው ነበር።

የልጅ እናት ጨረሰች። ጥሩ አድርጋ። ሳቂታዋም ጨረሰች፤ አንዱ እጅጌ ትንሽ ተጨማዷል፣ ግን ሸሚዝ ነው። ተቆጣጣሪዋ ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች። የቀረው ሎጋው ብቻ።

ኮሌታው ጋ ደረሰ። አንዱ ጎን ሄደበት። ተረተረው። ደገመ። አሁንም ሄደበት። ከንፈሩ ጀመረ... እትዬን አየኋት፤ ግድግዳው ጋ ቆማ እጆቿን ብብቷ ሥር ቀብራለች። አምላኬ፣ አጥብቀህ ያዝልኝ አልኩ።

"ተነስ እስኪ የኔ ጌታ።"

ጮክ ብላም አልነበረም። ማለቷን ራሷ ያወቀችው አይመስለኝም። እሱስ? ተነሳ! የለመደ እግሩ አስነሳው። እትዬ ተቀምጣ እግሯን ፔዳሉ ላይ አሳርፋ ነው የባነነችው።

"ውይ! አፈር በበላሁ!"

ተቆጣጣሪዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።

አመል ያወጣል ከመሐል ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ተሰረዝን።

መስፋት ይቻላል፤ ማስተማር ነው የተከለከልነው። እንደገና ለመጠየቅ ዓመት መጠበቅ አለብን። ሦስቱ ከገበያው ጀርባ ላለው ልብስ ሰፊ፣ ለባለ ጢሙ ተሰጡ። ለባለ ጢሙ! ጢሙ ቀድሞት በር ለሚገባው፣ ደንበኛችንን ሲያማልል ለኖረው...

ሎጋው የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ "በኔ ነው፣ በኔ ነው" ይላል። እትዬ አጠገቡ ቁጭ አለች። "አንተ ምን አደረግህ? ተነስ አልኩህ፣ ተነሳህ። የታዘዘ ሰው ምን ጥፋት አለው?" ጀርባውን ታሻሸዋለች። እሷን ማን ያባብላት?

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ራሷ ወስዳ አስረከበቻቸው። እኔም አብሬ ሄድኩ፤ ባለ ጢሙ ክፉ ቃል ቢናገራት ልናገረው ተዘጋጅቼ።

"ይሄ እግሩ ረጅም ነው፣ ወንበሩን ከፍ አድርግለት። ይቺ ስትፈራ ነው የምትስቀው፣ ንቀት እንዳይመስልህ። ይቺን ረፋድ ላይ ልቀቃት፣ የምታጠባው ልጅ አላት።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ደግሞ... አደራህን ወንድሜ። ሲያቅታቸው ሥራውን ከእጃቸው አትቀበላቸው።"

ሰውዬው ሊኩራራ ተዘጋጅቶ ነበር፣ ፊቱ ላይ አይቼዋለሁ። ጢሙን ዳበሰና "እሺ እትዬ" ብቻ አለ።

ስንመለስ መንገድ ልንሻገር ስንል እጄን ያዘችኝ። እኔ የሃምሳ ዓመት ሴትዮ! ዝም ብዬ ተያዝኩላት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25

ቤቱ ጭር ብሏል። እትዬ ማንም የማይሰፋባቸውን መኪናዎች ዘይት ትቀባለች።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ሦስቱም የመንግሥቱን ፈተና አለፉ! ሦስቱም!

ሎጋው የምስክር ወረቀቱን ይዞ እየሮጠ መጣ። የሠለጠነበት ቤት ተብሎ የተጻፈው የባለ ጢሙ ስም ነው። የኛ የለም። እውነቱን ልጻፍ፣ ቀናሁ። እትዬ ግን ከላይ እስከ ታች አነበበችውና "እሰይ! እሰይ የኔ ጌታ!" ብላ አንገቱ ላይ ልትጠመጠም ብትዘል ደረቱ ጋ ቀረች።

ወደ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ...

"ቀሚስ ስፋልኝ" አለችው።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ይቺ ሴት ሌላ ሰው የሰፋው ልብስ ገላዋን ነክቶት አያውቅም። ለእናታችን ሐዘን እንኳ፣ በዚያ ልጅነቷ፣ የራሷን ጥቁር ራሷ ናት የሰፋችው።

"ጨርቁንም አንተ ምረጥ" አለችው። የምሯን ነው።

ሎጋው ሳቁን ተወ። ሜትሩን ከመደርደሪያው አነሳ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"እትዬ... እጅዎን ይዘርጉ።"

ዘረጋች፣ ሁለቱንም። ለካ፣ ጻፈ። ተሳሳተ። "ይቅርታ፣ እንደገና" አለ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ እኔ አይቻለሁ፣ እሷም አይታለች። የእሷን አፍ ጠበቅኩ። አልተከፈተም። ሎጋው እስኪጨርስ ድረስ፣ ክንዷ ደክሞት እየወረደ፣ መልሳ እያነሳችው፣ እጇን ዘርግታ ቆመችለት።