ያልለቀቅኩት መጫኛ

ውድ ዝምቴ፣

አይ፣ አልተቀየምኩህም። ማን ጠየቀዎት እንዳትለኝ፤ አንተ መቼ ጠይቀህ ታውቃለህ? እኔ ግን ሰሞኑን ስምህ በተነሳ ቁጥር ቤቱ ሁሉ ፊቴን ያያል፣ ተቀይማዋለች እያሉ ይንሾካሾካሉ፣ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ ብዬ ነው። አንድ ምሽት ተቆጥቻለሁ፣ እሱን አልክድም። እራቴን ሳልበላ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ንዴቱ እንደ ትኩሳት ለቆኛል። የቀረኝ ምስጋና ነው፣ እሱን ደግሞ በስልክ ልነግርህ አልችልም። ስደውልልህ "እህ" ትላለህ፣ "እሺ" ትላለህ፣ ከዚያ ዝም። መስመሩ የተቆረጠ እየመሰለኝ "ሃሎ፣ ሃሎ" ስል የምናገረው ይጠፋኛል። ወረቀት ይሻላል። ወረቀቱም ዝም ይላል፣ ግን ቢያንስ አይዘጋብኝም።

ልጄ የመኪና ውድድሩን በቃኝ ብሎ ካቆመ ገና መንፈቅ እንኳ አልሞላውም። ልጄ ማለቴ የልጄ ልጅ፤ እናቱ በጨቅላነቱ ስላረፈች ከእኔ በቀር እናት አያውቅም። አንተ ይህን ታውቃለህ፣ ግን ወሬ ከመሃል ሲጀመር አይጥመኝም። ሲወለድ አዋላጇን እስኪሰለቻት ያስጠበቀ ልጅ፣ ኋላ ተመልካቹ "ጥይቱ" ብሎ ስም አወጣለት። እናቱ ብትሰማ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር።

ባለፈው እኔ የአንድ የጭነት መኪና ወንበር እየሰፋሁ፣ እሱ የስፖንጅ ክምሬ ላይ ጋደም ብሎ ዋንጫዎቹን ያያል። መደርደሪያዬ ላይ ናቸው፤ አንዱ ውስጥ ክር፣ አንዱ ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ትልቁ ውስጥ መቀሶቼን አስቀምጣለሁ።

"እማዬ" አለኝ፣ "እነዚህ ሁሉ አይኖሩም ነበር እኮ።"

"የት ሊሄዱ?"

"ትቼው ነበር። ያን ቀን፣ አንቺ ሬዲዮውን ይዘሽ ስታወሪ፣ እኔ ልወጣ ነበር።"

መርፌው ጣቴን ወጋኝ።

ያንን ዓመት አስታውሰው። ከዚያ በፊት በነበረው ወቅት፣ ዝናብ በጣለበት ቀን፣ በግራ በኩል ያለው ፈጣኑ ኩርባ ላይ መኪናው ተንሸራቶ ግድግዳ መታ። የትከሻው አጥንት ተሰበረ። አጥንት ምን አለበት፣ ይገጥማል። ያልዳነው እግሩ ነው። እዚያ ኩርባ ሲደርስ ቀኝ እግሩ ሳያዘው ከነዳጅ መስጫው ላይ ይነሳል። ዓይን ጨፍነህ እስክትገልጥ ነው፣ ከዚያ ተመልሶ ይረግጣል፤ ግን ሰዓት የያዘ ሰው ያውቃል፣ አለቃችሁ ደግሞ ሰዓት ይዞ የተወለደ ሰው ነው። "በሚመጣው ልምምድ ያ እግር ከተነሳ ወንበሩን ለሌላ እሰጣለሁ" አለ። ሌላ የተባለውም ልጅ ሄልሜቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ እዚያው እንደ ወራሽ ይንጎራደድ ነበር።

እኔ ምን እል እንደነበር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እግሩ እንዲነሳ ነበር የምጸልየው። ወንበሩን ይውሰዱለት፣ ልጄን ይተዉልኝ እል ነበር። በእጄ ግን ወንበሩን እሰፋለታለሁ፤ ተኝቶ ስለከሳ ወንበሩ ሰፍቶት ሲታጠፍ ወዲያ ወዲህ ይንገጫገጭ ነበርና፣ የጎን ትራሶቹን ላጠብብለት ነው ያን ቀን መርፌዬን ይዤ የመጣሁት።

አንተ ከመንገዱ ዳር ያቺ ጠባብ ዳስህ ውስጥ ቆመሃል። ፊትህ የሬዲዮው ሳጥን፣ ጆሮህ ላይ ማዳመጫው። ነጂ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ድምፅ አንድ ብቻ ነው፣ ለእሱ ያ ድምፅ አንተ ነህ፤ ያንተም ንግግር "ፍጠን"፣ "ቀስ"፣ "ግባ" ነው። እኔ አጠገብህ ቆሜ አወራለሁ። አፌ መቼ ያርፋል፣ ስፈራ ደግሞ ይብስበታል። መኪናው ይዞራል፣ እግሩ ይነሳል። አለቃው ሰዓቱን አየና "ሦስት ዙር ስጠው፣ ከዚያ አስወጣው" ብሎህ ስልክ ሊያናግር ወደ ውስጥ ገባ።

ያኔ ነው ማዳመጫውን አውልቀህ እኔ ራስ ላይ የደፋኸው። ሻሼ ተጣመመ። አውራ ጣቴን ይዘህ ሲናገሩ ተጭነው የሚይዟት መጫኛ ላይ አኖርከው።

"ያውሩለት፣ እትዬ።"

"ምን ልበለው?"

"የሚያወሩትን።"

እኔ ደግሞ ያን ሰሞን የማወራው ስለ ፍራሹ ነበር። ፎቅ ላይ ያለችው ተከራይ ፍራሿን ልታናፍስ በረንዳው ላይ ስታንጠለጥል አምልጧት፣ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ሰውዬ ላይ ወደቀ። ሰውየው ከሥሩ ሆኖ "ወንድ ከሆንክ ፊት ለፊት ና" ይላል። እሷ ከላይ "ወይኔ ጉዴ፣ ተጎዳ?" ትላለች። "ደህና ነኝ፣ እግዜር ይስጥሽ" ይላል። "አንተን ማን ጠየቀህ፣ ፍራሼን ነው።" የሱንም የሷንም ድምፅ እያወጣሁ፣ የጎረቤቱንም የውሻውንም እየጨመርኩ ቀጠልኩ። መካኒኮቹ ሥራቸውን ጥለው ከበቡኝ። እኔ ሰው ሲስቅልኝ ማቆም አላውቅም። ጣቴንም ማንሳት አላወቅኩም።

በመጨረሻ ሳል ያዘኝና ለቀቅኩት። ሳጥኗ ትንሽ ተንሿሿች፣ ከዚያ የልጄ ድምፅ መጣ።

"ከዚያስ?" አለ። "ፍራሹ ተቀዶ ነበር?"

መካኒኮቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ሳቁ። አለቃው ወጣ፣ የሰዓት መዝጋቢውን ሰሌዳ አየ፣ ዓይኑን አሽቶ ደግሞ አየ። በመጨረሻው ዙር እግሩ አልተነሳም። ወንበሩን ሊከለክለው አልቻለም፣ ንዴቱን ግን የሆነ ሰው ላይ ማውረድ ነበረበት።

"ሬዲዮውን ለዚህች ሴትዮ ማን ሰጣት?"

"እኔ" አልክ።

ለዚያች አንዲት ቃል ያንን ወቅት ሙሉ ከሬዲዮ አውርዶ ጎማ ሲያስንከባልልህ ከረመ። ልጄ በሚቀጥለው ዓመት "ያለሱ ድምፅ አልነዳም" ብሎ እስኪመልስህ ድረስ አንድ ቀን ስታማርር አልሰማሁም። በእርግጥ አንተ ብታማርርም ማን ይሰማሃል።

እኔ ግን ያን ጊዜ ምን አደረግኩ መሰለህ? ፎከርኩ። ዳቦ ቤት ተሰልፌ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ወንበር ሊያሰፋ ለመጣ ሁሉ "በወሬዬ ነው የፈወስኩት" እያልኩ ዓመታት ኖርኩ። አንተም አንድ ቀን አላስተባበልክም።

እና ባለፈው ልጄ ስፖንጁ ላይ ተጋድሞ እውነቱን ነገረኝ።

"በመጀመሪያው ዙር እግሬ ሲነሳ በቃ አልኩ። ሳያባርሩኝ ራሴ ልውረድ ብዬ 'እገባለሁ' አልኩ። አንቺ ስለ ፍራሽ ታወሪያለሽ።"

"ታዲያ አልሰማሁህም።"

"ጣትሽ መጫኛው ላይ ነዋ። እሱ ከተያዘ የኔ ድምፅ ወዲያ አይወጣም።"

"እና ዝም ብለህ አትገባም?"

"ሳይፈቀድ?" አለኝ፣ እኔም አፈርኩ። ደንቡን አውቀዋለሁ። ከመንገዱ ወደ መካኒኮቹ መግቢያው ላይ ሰዎች መሬት ተኝተው ይሠራሉ፤ አንዴ ሳይናገር የገባ ነጂ የአንዱን ጎማ ቀያሪ እግር ሰብሯል፣ ከዚያ ወዲህ "ግባ" ሳይባል የሚገባ የለም።

"መግቢያው ጋ ደረስኩ፣ የመኪናውን አፍንጫ ወደዚያ አዞርኩ፣ ግባ የሚለኝ የለም። አለፍኩ። ሁለተኛውም እንደዚያው። እሰድብሽ ነበር እማዬ፣ ይቅር በይኝ። በሦስተኛው ሰውየው ከፍራሹ ሥር ገና አልወጣም፣ ምን እንደሚሆን ልስማ ብዬ ዝም አልኩ። ኩርባውን ማለፌን ያወቅኩት ካለፍኩት በኋላ ነው።"

ሳቅኩ። የኔ ነገር፣ መሳቅ ይቀድመኛል። ከዚያ ሌላውን ጨመረልኝ። በስንብቱ ቀን አንተን ጠይቆህ ኖሯል። "ያን ቀን ልገባ ፈልጌ ነበር" ሲልህ "አውቃለሁ" ብለኸዋል። አፍንጫውን ሲያዞር አይተሃል።

የተቆጣሁት እዚህ ላይ ነው። ልጄ አውጡኝ ይላል፣ የገዛ ጣቴ አፉን ይዘጋዋል፣ አንተ ታያለህ፣ ዝም ትላለህ። ያንን ግድግዳ ደግሞ ቢመታውስ? ድምፁን ብሰማ ኖሮ "ና ልጄ፣ ውጣ" ነበር የምለው። ይህንንም ታውቃለህ። ለዚህ ነው ጣትዎን ያንሱ ያላልከኝ። እራት ቀርቦ ሁሉም ሲበላ እኔ ይህን ሳመነዥክ ቆየሁና ተነስቼ ተኛሁ።

ጠዋት ለሥራ ስቀመጥ ግራ እጅህ ትዝ አለኝ። እኔ እያወራሁ አንተ ከኋላዬ ቆመህ የማዳመጫውን ገመድ፣ ሳጥኗ ውስጥ የተሰካበት ቦታ ላይ፣ ጨብጠኸው ነበር። ይዤው የምሮጥ መስሎህ "አልሰርቅህም፣ ልቀቀው" ብዬሃለሁ። ልጄን ጠራሁትና "ያ ገመድ ቢነቀል ምን ይሆናል?" አልኩት።

"ያንቺ ይቋረጣል፣ የኔ ይሰማል" አለኝ። "ለምን ጠየቅሽኝ?"

መርፌዬን አስቀመጥኩ። እኔ ለመካኒኮቹ ሳቅ ድምፅ ሳሳምር፣ አንተ ዓይንህ ጎማዎቹ ላይ፣ እጅህ ገመዱ ላይ ነበር። መኪናው ትንሽ ቢንገዳገድ ትነቅለው ነበር። ወለድኩት የምል፣ አሳደግኩት የምል እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ሲጠብቀው የዋለው ሌላ ሰው ነው።

ለዚህ ነው የማመሰግንህ። ለዋንጫዎቹ አይደለም፤ ለመቀስ ማስቀመጫ ጣሳም ይበቃኛል። ያሸነፈውን ያህል ተሸንፏል፣ አንዳንዱን ዓመት ከመጨረሻ ሆኖ ሲገባ አይተነዋል፣ እየሳቀ ነበር የሚወርደው። ያን ቀን ቢወጣ ግን ዕድሜ ልኩን ያንን ኩርባ በጎን እያየ የሚኖር ሰው ይሆን ነበር። አሁን ውድድሩን የተወው ሲበቃው ነው። በራሱ እግር ገብቶ በራሱ እግር ወጣ። ከተማ ውስጥ ሲነዳ ብታየው አታምንም፤ እንቁላል የጫነ ይመስላል። ትናንት አንድ ባለታክሲ ከኋላ ጥሩምባውን እያስጮኸ ቆይቶ ሲያልፈን "አባቴ፣ እዚያው ይመሽብሃል" አለው። "ጥይቱ" እኮ ነው። እሱ እጁን አውጥቶ ሰላም አለው።

አሁን የጨነቀኝን ልንገርህ። ቡድኑ አንዲት አዲስ ነጂ አምጥቷል። ጎበዝ ናት ይላሉ፤ ባለፈው ግን መኪናዋ ተገልብጦባት፣ ከዚያ ወዲህ እሷም የሆነ ቦታ ስትደርስ እግሯ ይነሳል። ልጄን በጆሮዋ እንዲናገር፣ ያንተን የቀድሞ ቦታ እንዲይዝ ጠይቀውታል። ልጅቷም ሌላ ሰው አልፈልግም ብላለች። እሱ ግን እንቅልፍ አጥቷል።

"መናገሩንም ዝም ማለቱንም እችለዋለሁ፣ እማዬ" አለኝ። "ገመዱን መቼ እንደምነቅል ነው የማላውቀው። ብዘገይስ?"

"እሱስ ያውቅ ነበር ብለህ ነው?" አልኩት። "ሳያውቅ ነው ይዞ የቆመው።" ዋሸሁ ወይ? ከዋሸሁ አርመኝ። እጅህ ላይ ደም ሥርህ ተገትሮ እንደነበር ግን አይቻለሁ፤ የሚያውቅ ሰው እንደዚያ አይጨብጥም።

መልሱን ዛሬ ስጥ ተብሏል። ጠዋት ጫማውን እያሰረ "እሺ ካልኳቸው ወንበሯን እንድትለኪላት ይዣት እመጣለሁ። ካልሆነልኝ ዳቦ ገዝቼ ብቻዬን እመጣለሁ፣ ምንም እንዳትጠይቂኝ" አለኝ። አልጠይቅህም አልኩት። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ስፌት በትክክል አልሰፋሁም፤ የጭነት መኪናውን ወንበር ሁለቴ ፈታሁት። መጨረሻ ላይ ትቼው ላንተ መጻፍ ያዝኩ።

አንድ ነገር ልለምንህ። እሺ ካለ ይደውልልሃል። ያኔ "እህ" ብለህ አትዝጋበት። መናገር አይጠበቅብህም፣ መስመሩ ላይ ቆይለት ብቻ። እሱ ዝምታህን መስማት ለምዷል፣ እኔ ነኝ ያልለመድኩት። ደግሞ ጉልበትህን እንዴት አደረገህ? ልጅህ ጋ ያለው ደረጃ ይበዛብሃል ሲሉ ሰምቼ፣ እዚያ ላይ ስትወርድ ስትወጣ እያሰብኩ ለጀርባህ ትራስ ጀምሬልሃለሁ፣ ቆዳው ቡናማ ነው፣ ካልወደድከው…

የልጄ ሚስት ከታች እየተጣራች ነው።

"እማማ፣ በር ላይ ትፈለጊያለሽ።"

"ማነው?"

"ልጅሽ ነዋ፣ ቁልፉን ረስቶ። አንዲት ልጅ ይዟል።"

"ዳቦስ ይዟል?"

"የምን ዳቦ?"

ሜትሬን የት ነው ያኖርኩት። ልሂድ ዝምቴ፣ ልጅቷን በር ላይ አላቁማት። እግዜር ይስጥልኝ።

እትዬ፣ ወንበር ሰፊዋ