ከእንግዲህ ፔች ውስጥ አላዞርህም

አባዬ፣

በጤናህ እንደምን አለህ ብዬ አልጀምርም። እንደሌለህ አውቃለሁ። ከተለየኸን ወዲህ በረዶው ቀልጦ፣ በጋው አልፎ፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ መስኮታችን ላይ እንደገና መጣል ጀምሯል። ይኼን ሁሉ ጊዜ አንድ መስመር ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም። ተናድጄብህ ነው። አሁንም የምጽፍልህ እንደተናደድኩ ነው።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። መኪናውን ሸጥነው። አሁን እኔና እማዬ ጄን መንገድ ላይ ቆመን ባስ እንጠብቃለን። ሊፍቱ እንደ ድሮው ይበላሻል። ጃኬትህ በሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው፤ ሁለታችንም ሌላዋ ታነሳዋለች ብለን እየጠበቅን ይመስለኛል። እማዬ በምትሠራበት የአረጋውያን ቤት የእሁድ ሺፍት አትወስድም ነበር። አንተ ከሞትክ በኋላ ግን ራሷ ጠይቃ ወሰደች። ለምን እሁድን እንደመረጠች አውቃለሁ። እናትህ እማማ ከደሴ የሚደውሉት እሁድ ነው።

ንዴቴ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ከጉሮሮህ ኦፕራሲዮን በፊት ዳንፎርዝ መንገድ ካለው ምግብ ቤት ምሳ ልትጋብዘኝ ይዘኸኝ የሄድክ ቀን ትዝ ይልሃል? መዋጥ ስላቃተህ ሳህኑን ገፋ አድርገህ፣ ጠረጴዛው ላይ ከተማ ሠራህልኝ። በወጣትነትህ ስለ ማዕድን የተማርክባትን የሀንጋሪ ከተማ፣ ፔችን። ዳቦው ላይ አራት ስቴኪኒ ሰክተህ፣ ባለ አራት ማማው ካቴድራል ይኼ ነው አልከኝ። የጨው ዕቃውን መሐል ላይ አስቀመጥከው፤ ድሮ ቱርኮች የሠሩት መስጊድ ነው፣ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ሆኗል፣ ጉልላቱ ላይ ጨረቃና መስቀል አብረው ይታያሉ አልከኝ። ከተማዋ ተራራ ሥር ናት። ተራራው ጦሳን ስለመሰለህ፣ መጀመሪያ የደረስክ ቀን ደሴ የተመለስክ መስሎህ እንዳለቀስክ የነገርከኝም ያን ቀን ነው።

ስድን አንድ ቀን ሙሉ እናያታለን አልክ። ጠዋት ከመሬት በታች ያለውን የጥንት ክርስቲያኖች መቃብር፣ ግድግዳው ላይ አዳምና ሔዋን የተሳሉበትን። ከዚያ ካቴድራሉን። ምሳ አደባባዩ ላይ። ከሰዓት የበሬ ራሶች ከአፋቸው ውኃ የሚያፈሱበትን ምንጭ፣ ሲመሽ ደግሞ ተራራው ላይ ያለውን የቴሌቪዥን ማማ። ሰው ፊት የማልናገረው እኔ አቋርጬህ፣ መቃብር ለምን ይቀድማል አልኩህ። ጠዋት ሰው ስለማይበዛ ነው ብለህ ሳቅክ።

በዚያው ሳምንት ለእማማ ደወልክላቸው። ኦፕራሲዮኑ ድምፅህን እንደሚወስደው ሐኪሙ ነግሮህ ነበር። ታምሜአለሁ ማለት ሲገባህ፣ ሀንጋሪ ልሄድ ነው አልካቸው። የድሮ ትምህርት ቤቴ ለሥራ ጠርቶኛል፤ ሥራው ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ስልክ አይገባም፤ ልጄ ሁሉን ትነግርሻለች አልካቸው። አጠገብህ ተቀምጬ ነበር። ስልኩን ከዘጋህ በኋላ፣ ድምፄ እስኪመለስ ብቻ ነው፣ አንቺ ትሸፍኚልኛለሽ አልከኝ። እሺ አልኩህ። ምን ልልህ እችል ነበር?

ድምፅህ አልተመለሰም። አንተም አልተመለስክም። ከመሬት በታች ነኝ ያልከው ብቻ እውነት ሆነ። ይኼን መስመር አልሰርዘውም።

ከቀበርንህ በኋላ ለእማማ ይነገራቸዋል ብዬ ጠበቅኩ። ከእሳቸው ጋር የሚኖረው ወንድምህ ጋሼ ኃይሉ ግን አይሆንም አለ። ደም ብዛት አለባቸው፤ መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በወጉ ነው አለ። መጀመሪያ ጾሙ ይፈታ ተባለ። ጾሙ ሲፈታ ክረምቱ ይውጣ ተባለ። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ አዲስ ዓመት በለቅሶ አይጀመርም። ከዚያ እህትህ ከጅዳ እስክትመጣ። እህትህ ፈቃድ አላገኘችም። እዚህ ፍትሐትህ ተደርጎ፣ አርባህ ወጥቶ፣ ሰው ሁሉ አልቅሶልህ ወደ ሥራው ሲመለስ፣ ደሴ ውስጥ አንተ በሕይወት ነበርክ።

እማማ ደግሞ ሞኝ አይደሉም። እሁድ እንኳ ከጉድጓድ አይወጣም ወይ ብለው እማዬን ጠየቋት። እማዬ ስልኩን ሸፍና ወደ እኔ ዞረች። ከተማውን አንቺ ነሽ የምታውቂው፣ የሆነ ነገር በያቸው አለችኝ።

እኔም ማዞር ጀመርኩህ።

በየእሁዱ አንድ ቦታ ወሰድኩህ። የስልኬን ማፕ ከፍቼ ከየት ተነስተህ በየት እንደምትሄድ አስቀድሜ አይ ነበር። መስጊድ የነበረውን ቤተ ክርስቲያን ሳወራላቸው እማማ በጣም ወደዱት። ታዲያ ሕዝቡ የትኛውን ነው የሚሳለመው ብለው ሳቁ። ለጎረቤታቸው ለእትዬ ዘይነባ ነግረዋቸው፣ እሳቸው ደግሞ ይቺማ ወሎ ናት፣ ማን ሀንጋሪ ናት አለ ብለው ነበር። የበሬ ራሶቹን አሳየሁህ። ተራራው ላይ አወጣሁህ። ጫማ ገዛሁልህ። መንገዱ በመቃብሩ በኩል ሲያልፍ ግን በሌላ በኩል አዞርህ ነበር።

እኔ እኮ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ የማላውቅ ነኝ። ናይሮቢ ሆነን ወደዚህ የምንመጣበትን ወረቀት ስንጠብቅ ትምህርት ስላመለጠኝ፣ እሳሳታለሁ እያልኩ ዝም ማለት ለምጃለሁ። በስልክማ ከሰላምታ አልፌ አላውቅም ነበር። እማዬ የእሁድ ሺፍቱን ከመውሰዷ በፊት ስታዳምጠኝ ጎበዝ፣ አፍሽ ተፈታ አለችኝ። አፌ የተፈታው በምንድን ነው አባዬ? ሙት በማዞር።

ከዚያ የእማማ ሳቅ ቀነሰ። ጥያቄያቸውም ቀነሰ። አንድ እሁድ ካቴድራሉን እያወራሁላቸው ዝም አሉኝ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሄሎ ሄሎ አልኩ። አለሁ፣ እየሰማሁ ነው አሉኝ። በዚያው ሳምንት ጋሼ ኃይሉ፣ እማማ ፎቶህን ከግድግዳ አውርደው ሣጥን ውስጥ እንደከተቱት ለእማዬ ነገራት። የደወለው እሳቸውን እንድናባብላቸው ነው። አየህ፣ የሚባበሉት ፎቶ ስላወረዱ ነው።

ያኔ ገባኝ። እኛ እማማን ከሐዘን እያዳንናቸው አልነበረም። አንተን እናቱን የጣለ ልጅ እያደረግንህ ነበር። ባማረ ከተማ እየዞርክ፣ ጫማ እየገዛህ፣ ውኃ ዳር እየተቀመጥክ፣ አንድ ቀን ስልክ የማታነሳ ልጅ። ይኼ ሁሉ ዙረት ከእኔ አፍ ነው የወጣው፤ ያዘዝከኝ ግን አንተ ነህ። ስለዚህ በማን እንደምናደድ ግራ ገባኝና በሁላችሁም ተናደድኩ።

ባለፈው ወር እማማ ሲደውሉ ብቻዬን ነበርኩ፤ እማዬ ሺፍት ላይ ነበረች። የት ሄደ ብለው እንኳ አልጠየቁኝም። ድምፃቸው ደርቆ ነበር።

«ለአባትሽ ንገሪልኝ ሆዴ» አሉኝ። «ለሽርሽር ጊዜ አለው፣ ለእናቱ የለውም። ስሞት ቀብሬ ላይ እንዳይቆም።»

ማፑ እጄ ላይ ተከፍቶ ነበር። ዘጋሁት።

«እማማ» አልኳቸው፣ «አባዬ አልረሳዎትም። ሞቷል። ከፋሲካ በፊት ነው የሞተው። ሀንጋሪ አልሄደም።»

ዘመድ አልተሰበሰበም። ማለዳም አልነበረም፤ እሳቸው ጋ ከሰዓት በኋላ ነው። መርዶ ነጋሪዋ ኩሽና ውስጥ በካልሲ የቆመች እኔ ነኝ። ከዚያ እማማ ቀስ ብለው፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው፣ «እኔ እኮ ስረግመው ከረምኩ» አሉ።

ጩኸታቸውን ከዚያ በኋላ ነው የሰማሁት። ስልኩን አልዘጋሁትም። እትዬ ዘይነባ ሮጠው ሲገቡ፣ ሌላ ሰው ሲገባ፣ በር ሲንኳኳ፣ ሁሉን ሰማሁ። ሰው በሰው ላይ ሲመጣ፣ ስምህ ደሴ ውስጥ በለቅሶ ሲጠራ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔም እንደ ልቤ አለቀስኩልህ።

ማታ ጋሼ ኃይሉ ለእማዬ ደውሎ፣ ባለጌ ልጅ አሳደግሽ አላት። እማዬ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ አያትሽን ልትገያቸው ነው ወይ ብላ ጮኸችብኝ። ለእሷ መልስ ሰጥቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን፣ እሁድ እሁድ ሥራ እየሄድሽ እኔን ከውሸቱ ጋር ስትተዪኝ ማን ጠየቀኝ አልኳት። ለቀናት አልተነጋገርንም። አንድ ቀን ከባስ ስንወርድ እጄን ያዘችኝ። አሁንም የእሁድ ሺፍቷን አልተወችም፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አልታረቅኳትም።

እማማ አልሞቱም። ድንኳን ተጥሎ፣ ሰው መጥቶ፣ በወጉ አለቀሱልህ። ከሠልስቱ በኋላ ራሳቸው ደወሉልኝና፣ አባትሽ እንዴት እንደሞተ ከመጀመሪያው ንገሪኝ አሉ። ነገርኳቸው። ጉሮሮህን፣ ድምፅህ ከሄደ በኋላ ጣቶቼን ጨብጠህ እሺና እምቢ ትለኝ እንደነበር፣ ምን ያህል ቀለህ እንደነበር። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ ጎኑ ማን ነው የተኛው አሉኝ።

አላውቅም ነበር። ከቀብርህ ወዲህ መጥቼ አላውቅማ። የአንዲት የሀንጋሪ ከተማን መንገድ ሁሉ እያወቅኩ፣ አንተ ያለህበትን አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ሁለት ባስ ቀያይሬ መጣሁ። ስምህ በሰሌዳ ላይ ነው፤ ድንጋዩ ገና አልተተከለም። በቀኝህ አንዲት አሮጊት አሉ፣ ስማቸው ፖርቱጋልኛ ይመስላል። በግራህ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ሣሩ አልያዘም፣ አፈሩ ሰርጉዷል፣ አውራ ጎዳናው ይጮኻል። ምንም አያምርም። ለእማማ እሁድ እንዲሁ እንዳለ ነገርኳቸው። አሮጊቷንም አብረው በጸሎት ሊያስቧቸው ስማቸውን አስደገሙኝ።

ንዴቴ አልወጣልኝም አባዬ፤ ወጣልኝ ብዬ ለአንተም አልዋሽም። ግን ቃል እገባልሃለሁ። ከእንግዲህ አንተን ሳስብ ሌላ አገር አልልክህም፣ አዲስ ጫማም አላደርግልህም። የማስብህ እዚህ ነው፣ ከአሮጊቷ አጠገብ፣ አፈሩ በሰረጎደበት። በረዶው ሲያቆም የሰረጎደውን ልሞላ አካፋ ይዤ እመጣለሁ።

ልጅህ