ለአባባ በገና የገዛሁት ስፒከር

ሰኞ፣ ጥር 12

የጠዋቱን ሚሽመሬት፣ ፈረቃዬን፣ ጨርሼ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤት ገባሁ። ቀኑን ሙሉ ካርቶን ማጠፍ... ትከሻዬ። አባባ ሶፋው ላይ ናቸው፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው። ልጄ ሺሊ ራሳቸው የደረደሩትን የበገና ካሴት ወደ ስልክ ካዛወረችላቸው ወዲህ ሌላ ሥራ የላቸውም።

"ትንኝ ሆኜልሻለሁ" አሉኝ። "ያ ሁሉ የበገና ድምፅ፣ ትንኝ።"

መስኮቱን ዘጋሁ። ብርዱ ነው አልኳቸው።

ረቡዕ፣ ጥር 14

ጥሩ ስፒከር ልገዛላቸው ነው። የፋብሪካው ወረቀት መጣያ ውስጥ ሥዕል ያለበት መጽሔት አገኘሁ። በምሳ ሰዓት ፊደል በፊደል አነበብኩት። ዕብራይስጡንም እንዲሁ ነው የለቀምኩት፣ ከካርቶን ላይ። ወፍራም ድምፅ ሰፊ ሣጥን ይፈልጋል ይላል። ገባኝ። በገና ወፍራም ነው።

ዓርብ፣ ጥር 16

ሰንበት ሳይገባ ልጻፈው።

ሻጩ አቪሓይ የሚባል ልጅ ነው። "የምታውቂውን ድምፅ ክፈቺ፣ እመቤቴ። ያለዚያ ሁሉም ጥሩ ይመስልሻል" አለኝ። ስልኬ ላይ ያለው የአባባ በገና ብቻ ነው። ከፈትኩ።

ርካሹ ዘጠኝ መቶ ሼቄል። ትንኟ ትንሽ ወፈረች፣ ያው ትንኝ ናት። ሁለተኛው ጥቁር፣ መልክ የሌለው፣ የባንክ ካዝና የሚመስል። አራት ሺህ ስምንት መቶ። እሱ ላይ ግን... ደረቴ ውስጥ ገባ። ጎንደር፣ አባባ ሲደረድሩ የተቀመጥኩበት መደብ እንደዚያ ይነዝር ነበር።

አቪሓይ ፊቱን አጨማደደ። "ይቅርታ። ይሄኛው ውስጡ ተቀዷል። ይነዝራል።"

በገና እኮ እንደዚህ ነው። ከጅማቱ ሥር እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ የሚገባው እንዲነዝር ነው። ይሄን ልነግረው አፌን ስከፍት ከኋላዬ አያለች ቆማለች። ከታች ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ፣ በምኩራብም ከጎኔ የምትቀመጠው።

"ምንድን ነው እሱ? የክርስቲያኖች የጾም መዝሙር ነው እንዴ?"

"እኔንጃ" አልኩ። "ሺሊ የጫነችው ነገር ነው። ስፒከሩም የተበላሸ ነው።"

እንዲህ አልኩ። በገዛ አፌ።

አቪሓይ ጥቁሩ ላይ "ብልሹ" የሚል ወረቀት ለጠፈበት። ሦስተኛውን ከፈተ። ቡናማ እንጨት፣ ፊቱ ላይ ነጣ ያለ ጨርቅ፣ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ። "ይሄ ድምፁን ራሱ ያጸዳል" አለ። ንዝረቱ ጠፋ። ለስላሳ። አያለች እንጨቱን ዳሰሰችው። "ሳሎን የሚያሳምር ዕቃ ይሄ ነው።"

ገዛሁት።

እሑድ፣ ጥር 18

አባባ ትንሽ ሰሙ። "ያምራል" አሉ። "ምን እንጨት ነው?"

ስለ እንጨቱ ብቻ ጠየቁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ከሥራ ስገባ ስልኩ ጆሯቸው ላይ ነው። ሰባት ሺህ ሁለት መቶው አጠገባቸው ተቀምጧል።

"አባባ፣ ትልቁ እያለልዎት?"

"መክፈቻው ጠፋኝ።"

ጠዋት ዜናውን በእሱ የከፈቱት ራሳቸው ናቸው።

ሐሙስ፣ ጥር 22

ሺሊ ያለውን ቁልፍ ሁሉ ነካካችው። ንዝረቱ አልተመለሰም። ዛሬ እውነቱን እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው።

"የሚደረድረው ጎበዝ ነው" አሉ። "እኔ ግን አይደለሁም። እንዚራውን ማን ነቀለው?"

ማን ነቀለው... እኔ ነኛ። ይሄ ሁለተኛዬ ነው። ወደዚህ ልንመጣ ስንል "ይሄን ካዩ ገና ክርስቲያን ናቸው ይሉናል" ብዬ ወተወትኳቸው። በገናውን ለጎረቤታችን ለገብረማርያም ሰጡት። የመጨረሻውን ቀን ካሴት ላይ ቀዳሁላቸው፣ ለመጽናኛ ብዬ። ከዚያ ወዲህ በገና አልነኩም። ዛሬ ልንካም ቢሉ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን ወቅሰውኝ አያውቁም።

ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን ደግሞ አያለች ፊት ካድኳቸው። ምን ታደርገኝ ነበር? ምንም።

ዓርብ፣ ጥር 23

ከሺሊ ጋር ተሸክመን መለስነው።

"አላማረሽም?" አለ አቪሓይ።

"እሱስ አምሮኝ ነበር። ጥቁሩን ስጠኝ።"

"እሱ ብልሹ ነው። ላስመጪው ልመልሰው ነው።"

"አልተበላሸም። የመሣሪያው ድምፅ እንደዚያ ነው። የሚደረድሩት አባቴ ናቸው።"

ሱቁ በሰው ሙሉ ነበር።

"ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?"

ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። ጥቁሩን ከጓዳ ጎትቶ አወጣው። ወረቀቱን ራሴ ላጥኩት።

እሑድ፣ ጥር 25

ጥቁሩ ካዝና ሳሎኑን አበላሽቶታል። ከመጋረጃውም ከሶፋውም አይሄድም። አባባ ከፈቱት። ጠረጴዛው ላይ ያለው ማንኪያ ሁሉ ነዘረ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ይሄዳሉ።

በሩ ተንኳኳ። አያለች።

"የልብስ ማጠቢያሽ ሊፈነዳ ነው እንዴ? ጣሪያዬ ይነዝራል።"

"አባቴ ናቸው" አልኳት። "ሱቅ ውስጥ የሰማሽውም እሳቸው ነበሩ። ዋሽቼሽ ነው።"

አባባ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩኝ። መልሰው ጨፈኑ። አያለች ግቢ ሳልላት ገብታ ተቀመጠች።

ወደ መጨረሻው ላይ፣ በስልኩ ተሰምቶ የማያውቅ ነገር መጣ። ከበገናው ጀርባ የሴት ሹክሹክታ።

"አባባ፣ ቀስ አድርገው ይደርድሩ። ሰው ይሰማል።"

የእኔ ድምፅ ነው። ሃያ ዓመት እዚያ ውስጥ ተቀምጧል። አያለች ዞር ብላ አየችኝ። የምገባበት ጠፋኝ። አባባስ? እሳቸው ያን ቀንም ሰምተውታል፣ እስከ ዛሬም ያውቁታል።

"ያን ጊዜም ፈሪ ነበረች" አሏት አባባ። "በእሷ ጥድፊያ ሦስተኛዋን ጅማት ሳልቃኛት ደረደርኩ። ይኸው፣ ስሚያት።"

ከመጀመሪያው አስጀመሩት።

ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩ። ስለ ብርዱ ማንም አላነሳም።