በር ሲከፈት የሚያነሳ ካሜራ

ሰኞ
ኮቱንም ወሰዱት! ደንበኛ ለፎቶ የሚለብሰውን፣ ግማሽ ጎንደር ለብሶ የተነሳበትን ኮት። ባለፈው ረቡዕ ሹራብ፣ ትናንት ደግሞ ኮቱንና ለምሳ ያስቀመጥኩትን ግማሽ ዳቦ። ሁለቱም ጊዜ ሰው ሁሉ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሳለ። የጓሮው በር መቀርቀሪያ ከውጭ በስለት ተነስቷል። የፎቶ ወረቀቱን አልነኩትም፣ ዕድሜ ለመሃይምነታቸው። እሱ ከሄደ ፎቶ ቤቱ አከተመለት፤ ሌላ ከየት አመጣለሁ?

ምን ይሻላል?
ጓጉንቸር ቁልፍ። ጥሩው ከገበያ ጠፍቷል፣ ያለው በሚስማር ይከፈታል።
ውሻ። ባለቤቴ እናኑ "ለእኛስ መቼ ተረፈንና!" አለች።
አጥሩ ላይ የጠርሙስ ስብርባሪ። አጥሩ ቆርቆሮ ነው፣ በምን ላጣብቀው?
ዘበኛ። ለቀበሌ ማመልከቻ ጻፍኩ። ሊቀ መንበሩ "ለአንተ ኮት ጠብመንጃ አላቆምም" ብሎ መሳቢያው ውስጥ ወረወረው።

ማክሰኞ
አገኘሁት! እኔ ካሜራ አለኝ አይደል? ትንሹን ካሜራ መደርደሪያው ላይ አሰርኩና ከበሩ ሲባጎ ሳብኩለት። በሩ ሲከፈት ሲባጎው የካሜራውን ቁልፍ ይጫነዋል። የመስኮቱ ብርሃን ይበቃል። ስድስት ጊዜ ሞከርኩት፣ ስድስቱንም ቀጭ አለ። ሌባው ራሱን በራሱ ያነሳል፣ ያውም በነጻ።

አላስችል ብሎኝ ለሊቀ መንበሩ ነገርኩት። ከት ብሎ ሳቀ። "ፎቶውን ሐሙስ ጠዋት አምጣ፣ ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን" አለኝ።

እናኑ አልሳቀችም። ከጥቅምት ወዲህ ምንም አያስቃትም። ልጃችን ከቤት እንደወጣ አራት ወር ሆነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም። ስንቅ ቋጥረን የእስር ቤቱን በር ሁሉ አዳርሰናል፤ "የለም" ይሉናል። "የለም" ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረን አላገኘንም።

ረቡዕ
ከሰዓት በኋላ ከስብሰባ ስመለስ ሲባጎው ተስቧል። የተወሰደው ሁለት ዳቦና የራስ ምታት ኪኒን ነው። ጨለማ ክፍል ገብቼ ፊልሙን አጠብኩ። መብራት ላይ ይዤ ሳየው መጀመሪያ የታየኝ ጥራቱ ነው፤ ጆሮው ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጥቷል። "አበጀህ ውብሸት!" አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ከዚያ ጆሮውን ልብ አልኩት። የእኔ ጆሮ ነው። የአባቴም ጆሮ ነው። ኮቴን ለብሶ ነው የመጣው፣ ሰፍቶታል።

እናኑን ጠራኋት። ኔጌቲቭ አይታ አታውቅም። ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ነው ብዬ ላስረዳት ስል እጄን ገፋችው። "ከስቷል" አለች። ቤት ለምን አልመጣም እንዳልል፣ ቤታችን ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጋር አጥር ለአጥር ነው። አለ። ልጄ አለ! እኔ ደግሞ ፊቱን ለነገ ጠዋት ለሊቀ መንበሩ ቀጥሬያለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ሐሙስ
ኔጌቲቩን አቃጠልኩት። እናኑ አንዲት ፎቶ እንዳትምላት ለመነችኝ፣ የጣት ጥፍር የምታህል። እምቢ አልኩ። እንዴት እንዳየችኝ መጻፍ አልችልም። ይህንንም ገጽ አቃጥለው ይሆናል።

አዲስ ፊልም ፀሐይ ላይ ከፍቼ አጠብኩና ጥቁሩን ይዤ ሄድኩ። ብርሃን ገባበት አልኩት። ሊቀ መንበሩ አገላብጦ አየው። "ሃያ ዓመት ፎቶ ስታነሳ ኖረህ ዛሬ ገና ብርሃን ገባብህ?" መሳቢያውን ከፍቶ ማመልከቻዬን አወጣና ፈረመበት። "ግድ የለም ጓድ፣ ለአንድ ኮት ተብሎ . . ." ስለው ቀና ብሎ አየኝ። "ምነው? የጠየቅኸው ራስህ አይደለህም?"

አመሰገንኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው።

ዓርብ
እንዴት እናስጠንቅቀው? ወረቀት ብንተውለት ዘበኛው ያገኘዋል። እናኑ "ነጠላዬን ጓሮ ላስጣው" አለች። የእናቱን ነጠላ አይቶ ጭራሽ ቢቀርብስ? ተጨቃጨቅን፣ አለቀስን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት "ና ብላ፣ ና ልበስ" ስንለው ኖርን እንጂ፣ "ሽሽ" የሚል ምልክት አላስተማርነውም።

ቅዳሜ
ዘበኛው መጣ። ደርሶ ይባላል፣ የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ነው፣ ጨዋ። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። "አይዞህ አያ ውብሸት፣ እኔ ካለሁ ወፍም አትገባ" አለኝ። እናኑ ምሳ አቀረበችለት። ሦስት ጊዜ ጨመረችለት፣ ጠግቦ ነገም የሚያንቀላፋ ይመስል።

እሑድ
ስብሰባው ሦስት ሰዓት ላይ ተጀመረ። እናኑ ከሴቶቹ ጋር ፊት ለፊቴ ናት። አምስት ሰዓት ግድም ፎቶ ቤቱ ባለበት በፒያሳ በኩል ተኩስ ተሰማ። አንድ ብቻ። ማንም አልተነሳም። እኛም አልተነሳንም፤ ሊቀ መንበሩ ያየኝ ነበር። እጅ አውጡ ሲባል አወጣሁ። በምን ጉዳይ እንደሆነ አላውቅም።

ሲያልቅ እናኑ ቀድማኝ ደርሳለች። ዘበኛው ደርሶ ጓሮ ቆሞ አጥሩን ያሳያታል። መሬቱ ላይ ደም ፈለግሁ፣ የለም።
"ሳትኩት እትዬ" አላት፣ አፍሮ።
"ሮጠ?"
"ምን ይሮጣል፣ በረረ እንጂ!"
"አያነክስም?"
"ኧረ የምን ማንከስ! አጥሩን እንደ ሚዳቋ ነው የዘለለው።"
እናኑ ደረጃው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። "እግዜር ይስጥልኝ" አለችው፣ እንባዋ እየወረደ።

ሌባ ስላባረረላት የተመሰገነ መስሎት ፊቱ በራ። "ምን አለበት እትዬ" አላት፣ "ረቡዕም የምጠብቀው እኔው ነኝ።"