ድንጋይ የዘራንበት ዓመት

የካቲት 14

ሙቀት። የግብርና ቢሮው ማራገቢያ ተበላሽቶ፣ አለቃዬ በላይነህ በሪፖርት ወረቀት ሲያራግብ ዋለ። ሪፖርቱ ለአንድ ነገር እንኳ ጠቀመ... ተይ ነፃነት፣ ክፉ አትሁኚ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት መጡ። እትዬ አገኘሁሽ ይባላሉ። ባል የሞተባቸው፣ አንዲት ላም ያለቻቸው። የሩዝ መሬታቸውን ጉማራ ወንዝ ዳር ዳሩን እየገመሰ ጨረሰባቸው። ቀበሌው በምትኩ የድሮውን የመንገድ ሥራ ካምፕ ሰጣቸው። ወደ ሐሙሲት መውጫ ያለችው ነጭ ጉብታ፣ ያኔ ጠጠርና ሲሚንቶ ይቦካባት የነበረችው።

"እስከ መስከረም ካላለማሽው እንወስደዋለን ብለውኛል። እርስዎ ባለሙያ ነዎት፣ ምን ላድርግ?"

አፈሩ ምን ይመስላል አልኳቸው። ነጣ ያለ፣ ድንጋያም፣ ምንም የማያበቅል አሉኝ። አሲዳማ ነዋ! ዘንድሮ ዘመቻው ሁሉ ኖራ ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ስለ ኖራ፣ መጋዘኑ ሙሉ ኖራ። "ድንጋዩን ይልቀሙ፣ ኖራ ይበትኑበት፣ ሽንኩርት ይትከሉ" አልኩና ፈርሜ ሰጠኋቸው። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። መርቀውኝ ሄዱ።

የካቲት 29

እትዬ አገኘሁሽን ገበያ አገኘኋቸው። መዳፋቸው ተላልጧል። ኖራውን በትነዋል፣ ድንጋዩንም ግማሽ ያህሉን ለቅመው ዳር ከምረዋል። ብቻቸውን! ጎበዝ ነዎት አልኳቸው። እውነትም ጎበዝ ናቸው።

መጋቢት 20

ስልክ አስደውለው፣ ሽንኩርቱ ቢጫ ሆነ አሉኝ። ውሃ አንሶት ይሆናል አልኩ... ይሆናል! እንዲህ ነው ባለሙያ።

መጋቢት 23

ሄድኩ። ባልሄድኩ።

ሽንኩርቱ ከጫፉ ተቃጥሎ ደርቋል። ውሃውን ከጉድጓድ በጀርባቸው ሲያመላልሱ ነው የከረሙት። ጎንበስ ብዬ አፈሩን ዘገንኩ። ይኼን አፈር አውቀዋለሁ እኮ! የአዋሽ በረሃ አፈር፣ የአባዬ ፍየሎች የሚውሉበት። ከላይ ጠጠር፣ ከሥር ነጭ። ልጅ ሆነን ሎሚ ስንጨምቅበት እንደ ለስላሳ ይፈላ ነበር፣ እኛም በጩኸት አገሩን እናቀልጠው ነበር። አራት ዓመት ሙሉ የፎገራ ጥቁር ጭቃ ጫማዬን ሲበላው "ምነው አንድ ጠጠር ባየሁ" ስል ኖሬ፣ ጠጠሩ ሲመጣልኝ ዞር ብዬ እንኳ አላየሁትም።

ከምሳ ዕቃዬ ሎሚ አወጣሁ። ኖራ ያልደረሰበት ጥግ ሄጄ ጨመቅኩበት። ፈላ።

"ምንድን ነው የሚንጨረጨረው?" አሉ እትዬ አገኘሁሽ።

"ላቦራቶሪ ልውሰደው" ብዬ ጥቂት አፈር በፌስታል ቋጥሬ አመለጥኩ። ፈሪ።

መጋቢት 25

የአፈሩ ፒኤች ስምንት ነጥብ ዘጠኝ። ሦስት ጊዜ ለካሁት። ሰባት መሃል ነው። አፈር ከሰባት ብዙ ሲወርድ ኖራ ያድነዋል። ይኼ ግን ድሮውንም ወደ ላይ ያለፈ፣ አልካላይን የሚሉት ነው፣ ያ ሁሉ ዓመት የሲሚንቶ እጣቢ ሲደፋበት ከርሞ። ሎሚው የፈላውም ለዚሁ ነው። እኔ ደግሞ ኖራ ጨመርኩለት። ጨው የበዛበት ወጥ ላይ ጨው ጨመርኩ በቃ።

ለበላይነህ ነገርኩት። "ማን ያውቃል? መሬቱ ድሮም የሞተ ነው። ዝም በይ።"

"እኔ አውቃለሁ።"

"አንቺን ምን ይሻልሻል!"

ዝም ብልስ? መስከረም ይመጣል። እሳቸው መሬታቸውን ያጣሉ። እኔ እዚሁ ወንበሬ ላይ ነኝ። ማንም አይጠይቀኝም... እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

መጋቢት 26

ነገርኳቸው። ሁሉንም።

"አፈሩን ሳያዩ ነው የፈረሙልኝ?"

"አዎ።"

መዳፋቸውን ፊቴ ዘረጉ። ከዚያ "አንቺ!" አሉኝ። እስከ ዛሬ እርስዎ ነበርኩ። "አንቺ፣ ይኼን እጅ እይው እስቲ! የማን እጅ መሰለሽ?"

አለቀስኩ። አፈርኩ፣ መግቢያ ጠፋኝ። እሳቸው አላለቀሱም።

"ለቅሶውን ተይው። መስከረም ስንት ወር ቀረው?"

"ስድስት አይሞላም።"

"እንግዲያው አስቢ።"

መጋቢት 28

አባዬ ጋ ደወልኩ። አልካላይን ምናምን አላልኩትም፣ "እንደኛ አገር ያለ አፈር ፎገራ ላይ አገኘሁ" ብቻ።

"ጠጠሩን ምን አደረግሽው?"

"አስለቀምኩ።"

ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ። "አንቺ ልጅ፣ የተማርሽው ይኼን ነው? የኛ ሣር ከጠጠር መሃል አይደለም እንዴ የሚወጣው? በበጋ ጠጠሩን ገለጥ አድርገሽ እጅሽን ስትከቺ ይቀዘቅዝሽ ነበር፣ ረሳሽው?"

ረስቼዋለሁ። እዚያ ጠጠር ክዳን ነው። ፀሐዩን ይከለክላል፣ ዝናቡንም ወደ ውስጥ ያሰርጋል። ክዳኑን አስነስቼ ነው ሽንኩርት ያስተከልኩት።

"ማረሻ አታስነኩት" አለ አባዬ። "ድንጋዩን መልሱለት። ሣር ስጡት።"

"ምን ዓይነት ሣር?"

"የማይሞት።"

ስልኩን ዘግቼ ሳስብ ቆየሁ። የማይሞት ሣር... እዚህ አገር ሰው ሁሉ የሚረግመው ሣር... ሰርዶ!

ሚያዝያ 4

ቅዳሜ። ድንጋይ ስንመልስ ዋልን። ወገቤን! እትዬ አገኘሁሽ እያንዳንዱን ቅርጫት ሲያፈሱ ቀና ብለው ያዩኛል። ከማንኛውም ስድብ ይብሳል።

ሰርዶውን ለመንን። እዚህ ሰርዶ ጠላት ነው፣ ገበሬው ነቅሎ አድርቆ ያቃጥለዋል። ጎረቤታቸው ሰውመሆን የነቀለውን ሁለት ጆንያ ሰጠን። እየሳቀ ነው የሰጠን፣ መሬት ላይ መንከባለል ብቻ ነው የቀረው። ሥሩን እየቆራረጥን፣ ከላሟ እበት ጋር በጠጠሩ መሃል ቀበርነው።

የመሬት ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ አንዳርጌ በሞተር ሳይክል ሲያልፉ ቆሙ። "ምን እየሠራችሁ ነው?"

"ድንጋይ እየዘራን" አሉ እትዬ አገኘሁሽ።

"ያስ? ሰርዶ አይደለም እንዴ?"

"እሱንም ደርበን።"

አቶ አንዳርጌ እኔን አዩኝ። የመንግሥት ባለሙያ፣ ቅርጫት ሙሉ ድንጋይ ታቅፌ። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! ሲሄዱ እትዬ አገኘሁሽ ሳቁ። ካወቅኋቸው የመጀመሪያው ሳቅ ነው።

ግንቦት 17

ዝናቡ ቀረ። ሰርዶው ግማሽ ያህሉ ደርቋል። ሰርዶ እንኳ የማይበቅልበት መሬት ሊባል ነው?... ጠጠሩን ገለጥ አድርጌ ጣቴን ከተትኩ። ይቀዘቅዛል። እትዬ አገኘሁሽንም ጠርቼ አስነካኋቸው። ጣታቸውን ቶሎ አላወጡም።

ሰኔ 19

አረንጓዴ! አረንጓዴ! አረንጓዴ!

ሐምሌ 8

እትዬ አገኘሁሽ በጎማ ጫማቸው ጭቃ እያንጠባጠቡ ቢሮ ገቡ። ጠረጴዛዬ ላይ በፌስታል የተቋጠረ አፈር ዱብ አደረጉ። "የሰውመሆን ነው። መጀመሪያ ሎሚሽን ጨምቂ፣ ከዚያ አፍሽን ክፈቺ።"

በላይነህ በሳቅ ሞተ። ጨመቅኩ። አልፈላም። ለካሁት፣ እሱስ እውነትም ኖራ የሚያስፈልገው ነው። ፈረምኩ።

ነሐሴ 16

ሜዳው የለም። ከመንገዱ ወዲያ ውሃ ብቻ ነው፣ ጣና ሊጎበኘን የመጣ ይመስላል። የሰዉ ከብት ጭቃ ውስጥ ቆሞ ይውላል፣ ሆዱ ተጣብቋል፣ ሰኮናው ሊበሰብስ ነው።

ጉብታዋ ግን ደረቅ! ዝናቡ ወርዶባት ወርዶባት፣ በጠጠሩ መሃል ሰርጎ ይሄዳል። ሰርዶው ጠጠሩን ሸፍኖታል። የእትዬ አገኘሁሽ ላም ደረቅ ድንጋይ ላይ ተኝታ ታመሰኳለች፣ እንደ እመቤት።

ሰውመሆን ሁለት በሬዎቹን እየጎተተ መጣ። እኔ ብሆን ያን ሳቁን አስታውሰው ነበር። እሳቸው ግን "ወደዚያ ዳር እሰራቸው" አሉት። "ሣሩን አጭጄ እሰጣቸዋለሁ፣ መልቀቅ ግን የለም! ገና ልጅ ነው፣ ይነቀላል።" ማታ ላይ የሰባት ቤት ከብት ዳር ዳሩን ታስሮ ነበር። ሰውመሆን በበጋ ሌላ የእርሻ መሬት ከተሰጣቸው በበሬዎቹ ሊያርስላቸው ማለላቸው። ሌሎቹም አንድ አንድ ነገር ማሉ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ። በዝናቡ ምክንያት ማንም አላየኝም።

መስከረም 11

ዛሬ ኮሚቴው መሬቱን ሊያይ ነው፣ ሌሊቱን ሲያባንነኝ አደረ። ሣር መልማት ነው ወይስ አይደለም? ሰርዶ ነው ብለው ቢወስዱትስ? ሥራ ሳልገባ ወደ ጉብታዋ ሄድኩ።

ኮሚቴው በእግር መጣ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ። አቶ አንዳርጌ ጠጠሩ ላይ ወጥተው ጫማቸውን አራገፉ። ደግመው ረገጥ ረገጥ አደረጉት። ዙሪያውን አዩ። የታሰረውን ከብት፣ የታጨደውን ሣር፣ የሰውመሆንን በሬዎች።

"ሞተሬንም እዚህ ባቆምኳት ይሻል ነበር" አሉ። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞሩ። "ለምቷል ብለህ ጻፍ። ለከብት መኖ።"

እትዬ አገኘሁሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቀሩ። እኔ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። እሳቸው አጠገቤ መጥተው ትከሻዬን ጨበጥ አደረጉኝ። መዳፋቸው ድኗል፣ ጠባሳው ግን ይሻክራል።

አቶ አንዳርጌ ሊሄዱ ሲሉ መለስ አሉ። "ብቻ ይኼ ድንጋይ ቢለቀም ደግሞ የት በደረሰ! ትንሽ ኖራ ነገር ቢጨመርበት..."

"ድንጋዬን የሚነካ ወንድ እስቲ ይምጣ!" አሉ እትዬ አገኘሁሽ። ላሟ እንኳ ብድግ አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ "አንቺ ልጄ፣ ምን ዝም ትያለሽ? ንገሪያቸው እንጂ!"

ሁሉም እኔን አየ። ተነሳሁ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ከቦርሳዬ ሎሚ አወጣሁ።