ቀይ መስመር ያለበት ጀሪካናችን

ይድረስ ለምሳሳልህ ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ባለፈው በስልክ ስታስል ሰምቼህ ነበርና ሳሉ ለቀቀህ ወይስ እንደ ልማድህ «ይተወኛል» እያልክ ተሸክመኸው ትዞራለህ? ባለቤትህስ ደህና ናት? ትንሿስ ጥርስ አወጣች? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ ደህና ነው፤ ጠዋት ማታ እኔን ስትቆጣ ነው የምትውለው። ለጎረቤት ቢሆን «ደህና ነን» ብዬ እዚህ ላይ አበቃ ነበር። ላንተ ግን አልዋሽም፣ ሆዴ ደህና አይደለም። ስደውል አባባ አጠገቤ ስለሚቀመጥ በስልክ የምነግርህ ነገር አልሆነም።

ነገሩ የእሱው የአባባ ነገር ነው። የሰፈሩ ሰው የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርጎ ሲመርጠው እንዴት እንደተደሰትክ አልረሳሁም፤ ለስብሰባ የሚለብሰው ብለህ ያንን ኮት ላክህለት። እኛም ኮርተን ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ቧንቧ ሲጠግን የኖረ፣ ቦኖው በተበላሸ ቁጥር ማንም ሳይጠራው መፍቻውን ይዞ የሚወጣ ሰው ነው። የምርጫው ዕለት ተወዳዳሪዎቹ ፊት ለፊት ቆመው ሕዝቡ ከሚፈልገው ሰው ኋላ ሲሰለፍ፣ የአባባ ሰልፍ ሜዳውን አልፎ ወፍጮ ቤቱ ደረሰ። ከሌላው ተወዳዳሪ ኋላ የቆሙት ሚስቱና አማቱ ብቻ ነበሩ፤ አማቱም ትንሽ ቆይታ ወደኛ መጣች።

ቦኖውን ታውቀዋለህ። ውሃው በጠዋት መጥቶ ረፋዱ ላይ ይጠፋል፣ ስለዚህ የሚሰለፈው ሰው ሳይሆን ጀሪካን ነው። ማታ አስቀምጠኸው ትተኛለህ፤ የሰው ጀሪካን ከቦታው የሚያነሳ የለም። አባባ በተመረጠ ሰሞን ሕዝቡን ሰበሰበና አራስና በሽተኛ ያለበት ቤት ተራ አይጠብቅ አለ። ጀሪካናቸው እንዲለይም የግቢያችንን በር ቀብተን የተረፈውን ቀይ ቀለም አምጥቶ በየጀሪካናቸው አንድ አንድ መስመር አሰመረ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔማ እንባዬ ነው የመጣው።

ከዚያ በኋላ ያለው እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። መጀመሪያ ሥጋ ሻጩ ጀሪካን ላይ ቀይ መስመር አየን። ምን ሆኖ ነው ስንል ወገቡን አሞት ነው ተባለ። ወገቡን ያመመው ሰው በሬ ይጥላል? ቀጥሎ የባለ ሆቴሉ፣ ከዚያ የኮሚቴው አባላት በሙሉ። ሥጋ ሻጩ ለቤታችን ሥጋ መላክ ጀመረ፣ ባለ ሆቴሉም የሚያፈሰውን ጣራችንን አስጠገነልን። አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ ጀሪካናችንን ላነሳ ስሄድ እሱም ቀይ ተቀብቷል። በቤታችን አራስ የለም፤ የእማዬ ጉልበት እንደሆነ ከምርጫው በፊትም ያማት ነበር።

አባባን ቀስ ብዬ ጠየቅሁት። ከማንም አምስት ሳንቲም አልተቀበልኩም፣ ሰው ወዶ ያመጣውን መመለስ ነውር ነው፣ ለሰፈሩ ስለፋ ውዬ የራሴ ቤት ውሃ ይጣ ወይ አለኝ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ የሚተርት ሰው ሲያገኝ እንዴት ይቆጣ እንደነበር ታስታውሳለህ? አገር የሚያፈርሰው ይህ ተረት ነው ይል ነበር። በቀደም ሥጋ ሻጩ እቤታችን ተቀምጦ ይህንኑ ሲተርት አባባ ሳቀ። ከሁሉም ከሁሉም ያ ሳቅ አንጀቴን አቃጠለው።

ከአጥራችን ወዲያ ያለችውን ልብስ አጣቢ አልረሳሃትም፣ ስትሄድ ሸሚዞችህን ተኩሳ የሰጠችህን። እንጀራዋ ውሃ ነው። ባለ ቀዮቹ ቀድተው ሲጨርሱ ውሃው ስለሚሄድ ደንበኞቿ አንድ በአንድ ጥለዋት ሄዱ። ሐሙስ ዕለት አላስችል አለኝና ከጀሪካናችን ላይ መስመሩን በነጭ ጋዝ ፈግፍጌ አስለቀቅሁት። ከዚያ ሰው ሁሉ እያየኝ ጀሪካኑን ይዤ ሄጄ ሰልፉ መጨረሻ ላይ፣ ከእሷ ጀሪካን ኋላ አስቀመጥኩት። ሌሎቹም አይተው የየራሳቸውን ይፍቃሉ፣ ቢያንስ አንድ ሰው አበጀሽ ይለኛል ብዬ ነበር። የእኔ ነገር!

ከዚያ ማን እንዳነሳው ልንገርህ? ራሷ ልብስ አጣቢዋ። የሰብሳቢያችን ጀሪካንማ ከኋላ አይቆምም፣ ናቁን ይሉናል ብላ አንጠልጥላ ወስዳ ፊት ላይ አስቀመጠችው። ሰዎቹም የየራሳቸውን እያንፏቀቁ ቦታ ለቀቁላት። ልመልሰው ስል እጄን ያዘችኝና በጆሮዬ፣ እባክሽ እህቴ፣ ለአባትሽ ንገሪልኝ፣ የእኔም ላይ ትንሽ ቀይ ያድርጉልኝ አለችኝ። መስመሩ ይቅር አላለችም። ለእኔም አለች።

ወንድም ጋሼ፣ ይህን ሰው ማንም ከላይ አልጫነብንም። በገዛ እግራችን ሄደን ከኋላው የተሰለፍነው እኛው ነን፤ አሁን ደግሞ እያበላሸነው ያለነውም እኛው ነን። በወሩ መጨረሻ ምርጫው ይደገማል፣ አባባም ይወዳደራል። ከኋላው ካልቆምኩ አባቷን አዋረደች እባላለሁ፤ ከቆምኩ ደግሞ ጎረቤቴን በምን ዓይኔ አያታለሁ? እሱ የሚሰማው አንተን ነው። ያንን ኮት በለበሰ ቁጥር ልጄ ይኮራብኛል ይላል። እባክህ ጻፍለት፤ ወይ ምርጫውን ይተወው፣ ወይ ቀለሙን በገዛ እጁ ፍቆ ሕዝብ ፊት ይቁም። ላሳጣው ፈልጌ አይደለም። ያ መፍቻውን ይዞ የሚወጣው አባቴ ናፍቆኝ ነው።

ባለቤትህን ሳምልኝ ብላለች ብለህ እቀፋት፤ ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። እማዬ ሳልህን በቸልታ እንዳታየው፣ አንገትህንም እንድትሸፍን ብላሃለች። አክስታችን ፎቶ ላክልኝ፣ መልክህ ሊጠፋብኝ ነው ትላለች። አባባ እየጻፍኩልህ መሆኑን እንጂ ምን እንደምጽፍ አያውቅም። አሁን በበሩ ብቅ ብሎ፣ ለምርጫው የምለብሰውን ኮት ልብስ አጣቢዋ በነፃ አጥባ ተኩሳ አመጣችልኝ በይው ብሎኛል። በየትኛው ውሃ እንዳጠበችው አልጠየቅሁትም።

የምትወድህ እህትህ

ከቤታችን፣ ቦኖው በሚታይበት መስኮት ሥር
ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በወሩ መግቢያ